የካርቡሬተሩ አባት ዊልሄልም ማይባኽ ከመተማ ሆኖ ሲታይ

ማይባኽ የሚለው ስም ሲጠራ ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው ባለጸጎች የሚንፈላሰሱበት ረጅም ጥቁር መኪና ነው። ይህች ጽሑፍ ግን ስለ መኪናው አይደለችም፤ ስሙን ስላወረሰው ሰው ናት። ዊልሄልም ማይባኽ ጀርመን አገር ተወልዶ ያደገ የሞተር ንድፍ ባለሙያ ሲሆን፣ ከሞተ መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነው የቀረው። መተማ ዮሐንስን በስም እንኳ ያውቃት ነበር ብዬ አላስብም። ሆኖም ዛሬ መተማ ውስጥ የሚርመሰመሰው አብዛኛው ባጃጅ፣ ወንዝ ዳር ውሃ የሚስበው ትንሹ የቤንዚን ፓምፕ፣ በየገጠሩ የሚዞረው ሞተር ሳይክል ሆድ ዕቃው ተከፍቶ ቢታይ፣ የዚህ ሰው እጅ ያረፈበት ዕቃ ይገኝበታል። ዕቃው ካርቡሬተር ነው።

ርእሱን የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። እኛ የአውቶሞቲቭ ተማሪዎች ስንሰበሰብ ክርክር አይጠፋም። አብዛኞቹ ጓደኞቼ ካርቡሬተር የሙዚየም ዕቃ ሆኗል ባይ ናቸው። ዘመኑ የኢንጄክሽን ነው፤ እሱም ያልፍና ኤሌክትሪክ ይተካል፤ መንግሥትም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ታዲያ ለምን የወርክሾፕ ሰዓታችንን በካርቡሬተር እናጠፋለን ይላሉ። ነገሩ ውሃ የሚያነሳ ነው። ነገር ግን የማይባኽን ሕይወት ያነበበ ሰው፣ ካርቡሬተር ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል፣ የማይችለውንም ማን ሲሞላለት እንደኖረ ያያል። ኢንጄክሽንንም በደንብ የሚረዳው ያኔ ይመስለኛል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማይባኽ የተወለደው ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1846 ሃይልብሮን በምትባል ከተማ ነው። አባቱ አናጺ ነበር። ልጁ አስር ዓመት ሲሞላው ግን እናትም አባትም አልነበረውም። ሮይትሊንገን በሚባል ከተማ ጉስታቭ ቨርነር የሚባል ሰባኪ ለድሆችና ለሙት ልጆች ያቋቋመው ማሳደጊያ ነበርና እዚያ ገባ። ማሳደጊያው እጅ ዘርግቶ የሚቀመጥበት ቤት አልነበረም። ወርክሾፕ ነበረው፣ ልጆቹ ሙያ ይማሩበታል። ትንሹ ዊልሄልም እርሳስ ሲይዝ እጁ የተለየ ሆኖ ስለተገኘ ወደ ንድፍ ክፍሉ ተላከ። በትርፍ ሰዓቱ ሒሳብና ፊዚክስ ይማር ነበር። እንግዲህ በኋላ የፈረንሳይ ጋዜጦች የንድፍ ንጉሥ እያሉ ያሞካሹት ሰው፣ የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ሳይረግጥ፣ ዛሬ ቴክኒክና ሙያ የምንለውን ዓይነት ትምህርት ተምሮ ያደገ የሙት ልጅ ነው።

በ1863 የማሳደጊያውን ወርክሾፕ የሚመራ አዲስ ኃላፊ መጣ። ጎትሊብ ዳይምለር ይባላል። ዳይምለር የማይባኽ በአስራ ሁለት ዓመት ታላቅ ነው። ልጁን አይቶ ወደደው፣ አስጠጋው። ከዚያ በኋላ ዳይምለር በሄደበት ማይባኽ ይከተላል፤ ወደ ካርልስሩሄ ሲሄድ አብሮ፣ በ1872 ወደ ዶይትዝ ሞተር ፋብሪካ ሲዛወር አብሮ። ዶይትዝ የኒኮላውስ ኦቶ ፋብሪካ ነው። በ1876 አራት ምት ያለው ሞተር የወጣው ከዚያ ሲሆን፣ ሞተሩን ለገበያ በሚሆን መልክ አስተካክሎ በመንደፍ የማይባኽ ድርሻ ትልቅ ነበር። ይሁንና የኦቶ ሞተር በከተማ ጋዝ የሚሠራ፣ ከመሬት ጋር ተጣብቆ የሚቆም ግዙፍ ዕቃ ነው፤ በደቂቃ ከሁለት መቶ ዙር በታች ነበር የሚዞረው። ዳይምለርና ማይባኽ የሚመኙት ደግሞ ትንሽ፣ ቀላል፣ ፈጣን፣ ጋሪ ላይ የሚጫን ሞተር ነበር።

ዳይምለር ከኦቶ ጋር ሳይስማማ ቀርቶ በ1882 ከፋብሪካው ለቀቀ። ማይባኽም ቤተሰቡን ይዞ ተከተለው። ሽቱትጋርት አጠገብ ካንሽታት በምትባል ከተማ፣ ዳይምለር በገዛው ቤት ግቢ ውስጥ ያለውን የአትክልት ማሳደጊያ የመስታወት ቤት ወርክሾፕ አደረጉት። ቀንና ሌሊት በራቸውን ዘግተው ብረት ሲቀጠቅጡ የሰማው የግቢው አትክልተኛ፣ ሐሰተኛ ገንዘብ የሚያትሙ መስሎት ለፖሊስ እንዳመለከተና ፖሊሶቹ ገብተው ከሞተር በቀር ምንም እንዳላገኙ ይተረካል። ከዚያ ቤት በ1885 የወጣው ሞተር ቅርጹ የግድግዳ ሰዓት ስለሚመስል በዚያው ስም ይጠራ ነበር። ጉልበቱ ግማሽ የፈረስ ጉልበት፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ስድስት መቶ ዙር ገደማ። በዚያው ዓመት ከእንጨት በተሠራ ባለ ሁለት እግር ላይ ጫኑት፤ የሞተር ሳይክል ቅድመ አያት ይኸው ነው። በ1886 ደግሞ ባለ አራት እግር ሠረገላ ላይ ሰቀሉት።

ችግሩ ነዳጁ ላይ ነበር። ሞተር ፈሳሽ ቤንዚን አያቃጥልም፤ የሚያቃጥለው ከአየር ጋር የተዋሐደ ቤንዚን ነው። ዛሬ በክፍል እንደምንማረው አንድ ኪሎ ቤንዚን በትክክል እንዲቃጠል ወደ 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። ቤንዚኑ ከበዛ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ካነሰ ደግሞ ሞተሩ ይሞቃል፣ ያስነጥሳል፣ ጉልበት ያጣል። ታዲያ ሁለቱን እንዴት ይቀላቅሏቸው? በመጀመሪያዎቹ መኪኖች ላይ የነበረው ዘዴ አየሩን ቤንዚን በተሞላ ዕቃ ላይ አሳልፎ ተኑን ይዞ እንዲሄድ ማድረግ ነበር። ይህ ዘዴ ብዙ ጣጣ አለው። ከቤንዚኑ ውስጥ ቶሎ የሚተነው ክፍል መጀመሪያ ይሄድና ከባዱ ክፍል ከታች ይቀራል። ቀኑ ሲሞቅ ተኑ ይበዛል፣ ሲበርድ ያንሳል። መንገዱ ሲያንገጫግጭም ድብልቁ ይዛባል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት መተማ እንዲህ ዓይነት ሞተር ይዞ መሄድን እንዲያው አስቡት!

(በነገራችን ላይ ያን ጊዜ ቤንዚን የሚሸጠው ፋርማሲ ውስጥ ነበር። የካርል ቤንዝ ሚስት ቤርታ በ1888 ባሏ የሠራውን መኪና ይዛ ስትጓዝ ነዳጅ የሞላችው ከመድኃኒት ቤት ነው። ስለዚህ ማደያ ሲደርቅ መንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ ቤንዚን የምንገዛ ሰዎች ብዙም አንፈር።)

ማይባኽ መልሱን ያገኘው በ1893 ነው። ያገኘበት ቦታም ለብቻው የሚተረክ ታሪክ አለው። በ1890 ዳይምለር ከባለገንዘቦች ጋር አክሲዮን ማኅበር አቋቁሞ ነበር። ባለገንዘቦቹ የሚፈልጉት የቆመ ሞተር እየሸጡ ቶሎ ማትረፍ ነው፤ በመኪና ላይ እምነት አልነበራቸውም። ለማይባኽ ያቀረቡለት የሥራ ውል የማይቀበሉት ዓይነት ስለነበር በ1891 መጀመሪያ ላይ ጥሎ ወጣ። ከዚያም በዳይምለር ገንዘብ፣ ካንሽታት ውስጥ ሥራ ያቆመ ሄርማን የሚባል ሆቴል ተከራይተው፣ የጭፈራ አዳራሹን ወርክሾፕ አድርጎ ከጥቂት ሠራተኞችና ተለማማጆች ጋር መሥራት ጀመረ። ለታላቁ ፋብሪካ ያልበቃው ሰው፣ የዓለም መኪኖች ከሰማንያ ዓመት በላይ የተነፈሱበትን ዕቃ በዳንስ አዳራሽ ውስጥ ሠራው።

አሠራሩን የቆላ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል፤ ፍሊት መርጫ አይቶ የማያውቅ የለማ! በእጅ የሚገፋውን የድሮውን የወባ ትንኝ መርጫ ማለቴ ነው። እጀታው ሲገፋ አየር በቀጭኗ ቱቦ አፍ ላይ በፍጥነት ያልፋል፤ ያን ጊዜ ከቆርቆሮው ውስጥ መድኃኒቱ በቱቦዋ ተስቦ ይወጣና እንደ ጉም ይበተናል። የማይባኽም ካርቡሬተር ይኸው ነው፤ የሚለየው አየሩን የሚስበው ፒስተኑ ራሱ መሆኑ ነው። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ አየር በጠባብ ቱቦ ይሳባል፣ ጠባቡ ቦታ ላይ ሲደርስ ይፈጥናል፣ ግፊቱም ይቀንሳል። እዚያው ላይ ጄት የምንላት ቀጭን ቀዳዳ አለች። ቤንዚኑ በእሷ በኩል ተስቦ ይረጫል። ከጎን ባለችው ትንሽ ጽዋ ውስጥ ደግሞ ተንሳፋፊ አለ፤ ቤንዚኑ ሲሞላ ከፍ ብሎ መግቢያውን ይዘጋል፣ ሲጎድል ወርዶ ይከፍታል። ስለዚህ ቤንዚኑ ሁልጊዜ ከጄቷ አፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይጠብቃል። ሞተሩ ሲጠራው ብቻ ይመጣል።

እዚህ ላይ ለእውነት ሲባል መባል ያለበት ነገር አለ። በዚያው በ1893፣ ከማይባኽ በወራት ቀድመው፣ ዶናት ባንኪና ያኖሽ ቾንካ የሚባሉ ሁለት የሃንጋሪ መሐንዲሶች ተመሳሳይ ካርቡሬተር በፓተንት አስመዝግበዋል። ስለዚህ ሃንጋሪዎች የካርቡሬተር አባት የእኛ ነው ቢሉ አይፈረድባቸውም። የማይባኽ ስም የገነነው ዕቃው ከዳይምለር ሞተር ጋር ተጭኖ ዓለምን ስለዞረ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ክርክራችን ልመለስ። የማይባኽ ዕቃ ብልሃተኛ ነው፤ ግን አንድ የማያውቀው ነገር አለ። የሚያልፍበትን አየር ፍጥነት ያውቃል፣ ክብደቱን አያውቅም። መተማ ዮሐንስ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመተማ ተነስቶ በኮኪት፣ በገንደ ውሃ፣ በነጋዴ ባሕር አድርጎ ወደ አይከል የሚወጣ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከቆላ ደጋ ይገባል። የአየሩ ግፊት በዚህ መካከል 15 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ሲሊንደሩ የሚስበው የአየር መጠን ያው ነው፤ አየሩ ግን ሳስቷል። ቤንዚኑ ደግሞ በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ መተማ ላይ አንደኛ የነበረው ሞተር ደጋው ላይ ሲደርስ ያፍናል፣ ያጨሳል፣ ሚኒሞው ይዛባል፣ ቤንዚን ይበላል።

የባሰው ግን ተቃራኒው ነው። ጎንደር ላይ ተስተካክሎ ሲሠራ የቆየ ባጃጅ በአይሱዙ ተጭኖ መተማ ይወርዳል። እዚህ አየሩ ይከብዳል፣ ለዚያ አየር የሚበቃው ቤንዚን ግን አይመጣም። እርግጥ የመተማ ሙቀት አየሩን መልሶ ያሳሳዋል፤ ሆኖም ልዩነቱን ሁሉ አያጠፋውም። ቤንዚን ያነሰው ሞተር በተፈጥሮው ይሞቃል። በሙቀት ላይ ሙቀት ሲጨመርበት ፒስተኑና ቫልቩ ላይ የሚደርሰውን ባለ ባጃጁ የሚያውቀው ገንዘቡን ሲከፍል ነው። ባጃጁ በብድር የተገዛ ከሆነ ደግሞ የአንድ ቤተሰብ ዳቦ ማለት ነው፤ ለእኔ ነገሩ የክፍል ውስጥ ክርክር ብቻ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ካርቡሬተሩ የማያውቀውን የሚያውቅለት ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። ጥሩ መካኒክ መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ያራግፋል፤ አዋራ የዘጋው ፊልትሮ ካለ ካርቡሬተር መነካካት ሞኝነት ነው። የካንዴላውን ክፍተትና የቫልቩን ክፍተት ያያል። ሞተሩን በደንብ ያሞቃል። ከዚያ የድብልቁን ብሎን በካቻቪቴ ቀስ አድርጎ እስኪነካ ይዘጋና (ጠብቆ ከተዘጋ ጫፏ ይጎዳል) ፋብሪካው ባዘዘው ዙር ልክ ይከፍተዋል፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ተኩል ዙር ነው። ቀጥሎ በሩብ ሩብ ዙር እየነካካ ጆሮውን ይሰጣል። ሞተሩ ከፍ ብሎ፣ ሳይንገዳገድ የሚዞርበት ቦታ አለ፤ እሱን ሲያገኝ ይተወዋል። ከዚያም ሚኒሞውን በሌላኛው ብሎን ያወርደዋል። ትንሽ ከተነዳ በኋላ ካንዴላውን ፈትቶ ቀለሙን ያያል። ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ ነጭ ከሆነ አንሷል፣ የቡና ቀለም ከያዘ ልክ ነው። ይህ ብሎን የሚያስተካክለው ግን ሚኒሞ አካባቢ ያለውን ብቻ ነው። ጋዝ ሲሰጥ ያለውን ለማስተካከል የመርፌዋን ቁልፍ አንድ ጥርስ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ፣ ወይም ዋናዋን ጄት በሌላ ቁጥር መቀየር ያስፈልጋል። አንዳንዱ ጀማሪ ሁሉንም በሽታ በሚኒሞ ብሎን ሊያድን ሲታገል ይውላል! ሌላው ደግሞ ጄቷን በሽቦ ይጠርጋል። ጄት በሽቦ አትነካም፤ በአየር ትነፋለች እንጂ። ሽቦው ቀዳዳዋን በጸጉር ያህል ካሰፋት ልኬቷ ጠፋ ማለት ነው።

ወደ ሰውየው እንመለስ። በ1895 እንግሊዛውያን ባለሀብቶች የዳይምለርን ሞተር የማምረት መብት በ350,000 ማርክ ሲገዙ፣ ዳይምለር ወደ ማኅበሩ ካልተመለሰ አንገዛም አሉ። ዳይምለር ተመለሰ፤ ማይባኽም የቴክኒክ ኃላፊ ሆኖ አብሮ ገባ። ዳይምለር በማርች 1900 ሲሞት ማይባኽ ያለ ወዳጅ ቀረ። ነገር ግን ትልቁን ሥራውን የሠራው በዚያው ዓመት ነው። ኒስ ከተማ የሚኖር ኤሚል የሊኔክ የሚባል ነጋዴ አዲስ፣ ዝቅ ያለ፣ ኃይለኛ መኪና እንዲሠራለት አዘዘ፤ በልጁም ስም መርሴዲስ አሰኘው። ማይባኽ ባለ 35 የፈረስ ጉልበቱን መኪና ነደፈ። አራቱን ሲሊንደሮች ለሁለት ለሁለት ከፍሎ ሁለት ካርቡሬተር ሰጣቸው። ራዲያተሩን ደግሞ 8,070 ጥቃቅን ቱቦዎችን አንድ ላይ በማያያዝ የንብ እንጀራ አስመሰለው። ዛሬ ኮፈን ከፍተን የምናየው ራዲያተር የዚያ ዘር ነው። መኪናው በማርች 1901 በኒስ ውድድር ሌሎቹን ሁሉ አስከነዳቸው።

እኛ አገር የመጀመሪያው መኪና የገባው ከዚህ ብዙም ሳይቆይ ነው። ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ሲድሊ የተባለ መኪና ከጅቡቲ እየነዳ አዲስ አበባ አምጥቶ ለዐፄ ምኒልክ አስረክቧል። ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ የወጣ የቤንዚን ሞተር ነው እንግዲህ፤ የመተማና የጎንደሩን ዳገት የሚያውቅ ሰው የዚያን ሞተር አተነፋፈስ መገመት አያቅተውም።

ማይባኽ ግን ከድሉ ብዙ አልበላም። ከ1903 ገደማ ጀምሮ ታመመ። ሲመለስ ሥራው ለሌሎች ተሰጥቶ ጠበቀው፤ እሱን ወደ አንድ የፈጠራ ቢሮ ገፉት። በ1907 ለቀቀ። በእሱ ቦታ የተተካው የወዳጁ የዳይምለር ልጅ ፓውል ነበር። እኔ ይህን ሳነብ ያዘንኩት ስለ መባረሩ ብቻ አይደለም። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ በሌላ ሰው ስም ለሚጠሩ ሞተሮች ሠርቷል፤ ኦቶ፣ ዳይምለር፣ መርሴዲስ። ይህን የመሰለ ታሪክ በየጋራዣችን ሞልቷል። ደንበኛው የሚያውቀው የጋራዡን ባለቤት ነው፤ ብሎኗን የሚያዞረውን አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ነው ልጁ ካርል ብቅ የሚለው። በ1908 የግራፍ ዘፕሊን አየር መርከብ ኤሽተርዲንገን ላይ ተቃጥሎ ሲወድም፣ ሽማግሌው ማይባኽ ለዘፕሊን ጽፎ ልጁ የነደፈውን ሞተር አቀረበለት። በ1909 የአየር መርከብ ሞተር የሚሠራ ድርጅት አቋቋሙ፤ ካርልም መሪው ሆነ። አየር መርከብ ከመሬት አጠገብ ተነስቶ ብዙ ሺህ ሜትር ይወጣል። የአባትየው ካርቡሬተር የማያውቀው ነገር፣ የአየሩ መሳሳት፣ አሁን የልጁ የዕለት ራስ ምታት ሆነ። ካርል በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለከፍታ ብቻ የታሰበ ሞተር ሠራ። መጭመቂያው እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ መሬት አካባቢ ጋዙን ሙሉ በሙሉ መክፈት ክልክል ነው፤ ሞተሩ ይጎዳል። ሙሉው ጋዝ የሚከፈተው ወደ ሳሳው አየር ከተወጣ በኋላ ነው። የመተማና የጎንደር ነገር ማለት ነው፤ ብቻ ለዳገት ሳይሆን ለሰማይ።

የማይባኽ ሞተሮች ወደ እኛ አካባቢም ቀረብ ብለው ያውቃሉ። በኖቬምበር 1917 (ኅዳር 1910 ዓ.ም.) ኤል 59 የተባለ የጀርመን አየር መርከብ በአምስት የማይባኽ ሞተሮች እየተገፋ፣ ምሥራቅ አፍሪካ ላለው የጀርመን ጦር ስንቅና መሣሪያ ጭኖ ከቡልጋሪያ ተነሳ። የግብፅን በረሃ አቋርጦ ሱዳን ገባ፤ ከካርቱም በስተ ምዕራብ ሲደርስ በሬዲዮ ተመለስ ተባለ። ከመተማ እስከ ካርቱም በቀጥታ መስመር 500 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ጎረቤት ናቸው። ቀን የበረሃው ሙቀት ጋዙን አስፍቶት፣ ሌሊት ደግሞ ብርዱ አኮማትሮት መርከቡ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም ነበር። ከአምስቱ አንዱ ሞተር ተበላሽቷል። የቀሩት ግን 6,757 ኪሎ ሜትሩን በ95 ሰዓት ጨርሰው ወደ ተነሳበት መለሱት። የቤንዚን ሞተር በሱዳን ሙቀትና አዋራ አይከርምም የሚል ካለ ይኸው መልሱ!

ጀርመን በጦርነቱ ስትሸነፍ የአየር መርከብ ሞተር መሥራት ተከለከለ። ካርልም ከ1921 ጀምሮ ማይባኽ የተባለውን ቅንጡ መኪና መሥራት ያዘ። በመጨረሻ አንድ መኪና በቤተሰቡ ስም ተጠራ ማለት ነው። የሽቱትጋርት የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት በ1916 ለሽማግሌው የክብር ዶክትሬት ሰጥቶት ነበር። ማይባኽ ዲሴምበር 29 ቀን 1929 በ83 ዓመቱ ሞተ። የተቀበረው ካንሽታት ውስጥ፣ የዳይምለር መቃብር ባለበት ግቢ ነው። ሌላው ልጁ አዶልፍ የአእምሮ ሕመምተኛ ነበር፤ ናዚዎች በ1940 ሕሙማንን ሲያስፈጁ እሱንም ገደሉት። የማይባኽ ስም ዛሬ በመርሴዲስ ቤንዝ እጅ ነው፤ ያ ሽማግሌውን ገፍቶ ያስወጣው ፋብሪካ ወራሽ በሆነው ማለት ነው።

ኢንጄክሽንስ? መጀመሪያ አንድ ነገር ይታረም፤ ኢንጄክሽን ለመተማ አዲስ አይደለም። ሰሊጥ የሚያርሰው ትራክተር፣ ሰሊጡን የሚጭነው ኤፍ.ኤስ.አር. ሁሉ ናፍጣ ነው፤ ናፍጣ ደግሞ ካርቡሬተር ኖሮት አያውቅም። ቦሽ የናፍጣ መርጫ ፓምፑን በብዛት ማምረት የጀመረው በ1927 ነው፣ ማይባኽ በሕይወት እያለ። ለቤንዚን መኪና ግን ጊዜ ወሰደ። በ1954 መርሴዲስ 300 ኤስ.ኤል. በሜካኒካል መርጫ ወጣ። በ1967 ቦሽ ዲ ጀትሮኒክ የተባለውን የኤሌክትሮኒክ መርጫ በቮልስዋገን ላይ ገጠመ። ዲ የምትለዋ ፊደል በጀርመንኛ ግፊት ከሚለው ቃል የመጣች ናት፤ መሣሪያው ወደ ሞተሩ በሚገባው አየር ቱቦ ውስጥ ያለውን ግፊት ይለካ ነበርና። የካርቡሬተሩ ድክመት የነበረው ነገር ስም ሆኖ ወጣ።

ዛሬ ያለው ኢንጄክሽን ከዚያ ርቆ ሄዷል። ግፊቱን፣ የአየሩን ሙቀት፣ የሞተሩን ሙቀት፣ በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን በሴንሰር እየለካ ኮምፒዩተሩ መርጫውን ለስንት ሚሊ ሰከንድ እንደሚከፍት ይወስናል። ከመተማ ጎንደር ሲወጣ ማንም ብሎን አይነካም። በሙቀትም ይሻላል፤ ካርቡሬተር ጽዋው ውስጥ ያለው ቤንዚን ሞተሩ ሲጠፋ ሊፈላና ዳግም አልነሳም ሊል ይችላል፣ ኢንጄክሽን ግን ቤንዚኑን በግፊት ስለሚይዘው በቀላሉ አያፈላውም። ቤንዚንም ይቆጥባል። በማሽንነቱ ይበልጣል፤ በዚህ ላይ ከጓደኞቼ ጋር አልከራከርም።

የምከራከረው በጥገናው ላይ ነው። መተማ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቤንዚን ከጀሪካን ወደ ጠርሙስ፣ ከጠርሙስ ወደ ታንከር የተገለበጠ ነው፤ ውሃም አዋራም አያጣም። ካርቡሬተር እንዲህ ሲታመም ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ ተነፍቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይመለሳል። የኢንጄክሽን ፓምፕና መርጫ በዚያው ቤንዚን ሲታመም ግን የግፊት መለኪያ፣ ኮምፒዩተሩን የሚያነብ መሣሪያ፣ ብዙ ጊዜም አዲስ ዕቃ ይጠይቃል። ዕቃውም መሣሪያውም ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ነው። ደግሞ መሣሪያው የሚሰጠው ቁጥር ነው። ድብልቁ በዝቷል ወይም አንሷል ይላል እንጂ ፊልትሮው በአዋራ ይዘጋ፣ ቤንዚኑ ውሃ ይግባበት፣ ቱቦው አየር ይሳብ ለይቶ አይነግርም። ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው ጆሮና ዓይን በካርቡሬተር ላይ የሠለጠነው ነው።

እና መተማ ላይ አንድ ያረጀ መካኒክ ጋ ባጃጅ ይዞ የሄደ ሰው፣ ካቻቪቴው ከመነሳቱ በፊት የሚጠየቀው ባጃጁ ከየት እንደመጣ፣ ከደጋ ወርዶ እንደሆነና መቼ እንደወረደ ነው። ከዚያ ፊልትሮውን ያስፈታዋል።